ባላንጊጋ፣ ለደወል ብዬ ሄጄ

ፊሊፒንስ ውስጥ ታክሎባን ከተማ ያደርኩበት ክፍል ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ ጎረቤት ደግሞ ካራኦኬ ሲያቀልጡት ነጋ። ጠዋት ቫን ተራ ስደርስ ረዳቱ ለቦርሳህ ብሎ የሁለት ሰው አስከፈለኝ፣ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው እኮ! መርካቶ ተወልጄ አድጌ እንዲህ መበላቴ እያበሸቀኝ ትልቁን የሳን ህዋኒኮ ድልድይ እንኳን በቅጡ ሳላየው አለፍን።

የመጣሁት ደወሎቹን ለማየት ነው። አሜሪካኖች ሳማር ደሴት ላይ ካለችው ከዚህች ትንሽ ከተማ፣ ከባላንጊጋ፣ ሶስት የቤተክርስቲያን ደወል ወስደው፣ ሁለቱን ዋዮሚንግ አንዱን ኮሪያ ያለው ጦራቸው ጋር አስቀምጠው፣ የመለሱት በ2018 ዲሴምበር ነው። በ97 የአክሱም ሀውልት ከሮም ሲመጣ አባቴ ቲቪው ፊት ቆሞ ያለቀሰው ትዝ አለኝ።

ደወሎቹን አየሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ በቃ። ያስቀረኝ ግን በር ላይ በስኳር የተጠበሰ ሙዝ የምትሸጥ አሮጊት ናት፣ ሎላ ነው የሚሏቸው፣ አያቴ እንደማለት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ደወሉን ሁሉም ይጠይቃል፣ ካሲያናን ማን ይጠይቃል?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች የከተማውን ወንዶች ለጽዳት ብለው ድንኳን ውስጥ አጎሩ፣ ገጀራና ሩዝ ቀሙ። ሴፕቴምበር 28፣ 1901፣ የኛ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወታደሮቹ ቁርስ ላይ እያሉ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ቫለሪያኖ አባናዶር የዘቡን ጠመንጃ ነጥቆ መታው፣ ደወል ተደወለ፣ ሰዉ በገጀራ ወጣ። ከ74ቱ ወታደሮች 48 ሞቱ። ሎላ ያለቻት ካሲያና፣ የከተማው ሴት ካሲያና ናሲዮናሌስ ደግሞ መቁጠሪያዋን እያውለበለበች "በርቱ" ስትል ነበር። ሎላ የራሷን መቁጠሪያ ከአንገቷ አውልቃ አሳየችኝ፣ ክሩ በማስቲሽ የተያያዘ የፕላስቲክ መቁጠሪያ፣ እጇን ከፍ አድርጋ ስታውለበልብ ሙዝ ሊገዛ የመጣ ልጅ ሁሉ ቆሞ ያያታል።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካኖቹ ጄኔራል ጃኮብ ስሚዝ ከ10 ዓመት በላይ ያለ፣ መሳሪያ መያዝ የሚችል ሁሉ ይገደል ብሎ አዘዘ፣ ሳማር ነደደች፣ ደወሎቹም የተወሰዱት ያኔ ነው። እሱን ፍርድ ቤት አቅርበው ገሰጹትና ጡረታ አወጡት፣ ይሄው ነው።

ማኒላ ሳለሁ የአገሩ ጀግና ሆሴ ሪዛል በየአደባባዩ፣ በሳንቲሙ ሳይቀር ነበር፣ የካሲያናን ስም ግን አንድ ሰው አላነሳልኝም።

ሎላ ለሁለተኛው ሙዝ ብር አልቀበልም አለች። የመጨረሻው ቫን በጊዜ ስለሚወጣ ደወሉ ሲደወል ሳልሰማ ተመለስኩ። ለቦርሳዬ ግን በዚህኛው ሰባራ ፔሶ አልከፈልኩም።