ቁጥሩን ሰጥቶ ሲሙን የሰበረው ኮድ

ስራው በጣም ቀላል ነበር። ሰው በተኑን ሲነካ ራስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ኮድ ፎቶ ያሳንሳል። በቃ። ራስቱ ዌብአሴምብሊ ወደሚባል ብሮውዘር የሚገባው ኮድ ተቀይሮ ብሮውዘር ውስጥ ይሮጣል፤ በተኑ ሲነካ ደግሞ የብሮውዘሩ የራሱ ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ይጠራዋል።

ጽፌ ጨረስኩ። ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ አንድም ቃል ሳይናገር አሳለፈኝ። ራስት የሚጽፍ ሰው ይሄ ምን ያህል ክብር እንደሆነ ያውቃል። እናቴ "መቼ ነው የምታገባው" ብላ ከምትጨቀጭቀኝ በላይ የሚጨቀጭቀኝ እሱ ነው። ደረቴን ነፍቼ ባልደረባዬን ጠራኋት።

"ነይ እዪ፣ አንዴ ብቻ ነው የምነካው።"

ነካሁ። ምንም። ደግሜ ነካሁ። ምንም።

"አንዴ ብቻ ብለህ አልነበር?" አለችኝ።

ብሮውዘሩ ስህተት የሚጽፍበትን ኮንሶል ስከፍት ቀይ በቀይ ሆኗል። ክሎዠሩ (በተኑ ሲነካ እንዲጠራው ለጃቫስክሪፕት የሰጠሁት ቁራጭ ኮድ ነው) ወይ ራሱን በራሱ እየጠራ ነው፣ ወይ ከተጣለ በኋላ ተጠርቷል ይላል። ማን ጣለው? እኔ! ክሎዠሩን የፈጠርኩት አንድ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ፈንክሽኑ ሲያልቅ ራስት እንደ ልማዱ ቤቱን ጠራርጎ ወጣ፤ ክሎዠሩም አብሮ ተጠረገ። ጃቫስክሪፕት ምስኪን ግን "ሲነኩህ በዚህ ደውል" የተባለውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል። ቁጥሩን አስይዞ ሲሙን የሰበረ ሰው ታውቃላችሁ? እሱ ነኝ። ኮምፓይለሩም አይፈረድበትም፤ የሚጠብቀው የራስትን ግቢ ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ ማን ምን እንደያዘ በምን ያውቃል?

መፍትሄ ፈለግኩና "ፎርጌት" የሚባል ነገር አገኘሁ። ክሎዠሩን "እርሳው፣ አትጣለው" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አያነሳውም፤ ሜሞሪ ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ለአንድ በተን ምንም አይደል። ጨመርኩት፣ ሰራ፣ ጨበጥኳት።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ስራው ሲያምርልኝ እጄ አያርፍም። ፎቶው ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስበት ማሳያ ጨመርኩ። ብሮውዘሩ ስክሪኑን ባደሰ ቁጥር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ አዲስ ክሎዠር እፈጥራለሁ። እያንዳንዱ የፎቶውን ኮፒ ይይዛል። እያንዳንዱን ደግሞ ፎርጌት!

በማግስቱ ለአለቃችን ማሳየት ነበረብኝ። ገጹን ቀደም ብዬ ከፍቼ ጠበቅኳቸው። አለቃችን መግቢያ ሳያደርጉ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ስለ ጥራት ተናገሩ። ስለ ጥንቃቄም ተናገሩ። የላፕቶፔ ፋን ቀስ በቀስ ማፏጨት ጀመረ። እሳቸው ድምጻቸውን ከፍ አደረጉ፤ ፋኑም ከፍ አደረገ።

"እስቲ አሁን አሳየን" ሲሉ ፎቶው ደርቆ ቆሟል። ኮንሶሉ ላይ ደግሞ "ሊደረስበት የማይችል ቦታ ተደርሷል" የሚል ስህተት። አለቃችን ጠጋ ብለው አነበቡትና "ጥሩ ነው ማለት ነው?" አሉኝ።

ማታ ሂሳቡን ሰራሁት። ፎቶው 200 በ200 ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት። አንዱ ኮፒ 160,000 ባይት ማለት ነው። በ60 ሲባዛ በሰከንድ 9.6 ሜጋባይት። ባለ 32 ቢት ዌብአሴምብሊ ሜሞሪ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ አንዴ ካደገ ደግሞ መልሶ አያንስም። ለመሙላት ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። የአለቃችን መግቢያ ስምንት ደቂቃ ነበር።

አሁን ክሎዠሩ አንድ ብቻ ነው። ስትራክት በሚባል የራስት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ በየዙሩ የሚጠራው ያው ራሱ ነው። ገጹ ሲዘጋ መጀመሪያ ለብሮውዘሩ "ከእንግዲህ እንዳትደውል" እለዋለሁ፣ ከዚያ እጥለዋለሁ። ይቺን ቅደም ተከተል አንዴ ገልብጫት ያ ቀይ ጽሑፍ ተመልሶ መጥቷል፤ ለባልደረባዬ ግን አልነገርኳትም።

ለነገሩ ባልነግራትም አውቃለች። ትናንት ከቢሮ ስወጣ ከኋላዬ ጠራችኝ።

"ሲምህን እንዳትሰብረው፤ ማታ እንፈልግሃለን!"