ለአንዷ ዕረፍት የሆነው ሌላዋን ሲያስጨንቅ

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ታላቋ ኦቲዝም አለባት። ታናሿ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት፤ በቃላት አትናገርም። ሁለቱም ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣላቸውን መረጃ ማስተናገድ ይከብዳቸዋል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው "እንግዲህ አንዷን ካወቅሽበት በሌላዋ አትቸገሪም" ይለኛል። በቅንነት ነው የሚሉኝ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ታላቋ ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ቶሎ ይበዛባታል። ታናሿ ደግሞ ምንም ያህል ቢሆን አይበቃትም። አንዷ ለመረጋጋት ጸጥታ ትሻለች። ሌላዋ ለመረጋጋት መዝለል፣ መጮህ፣ ከግድግዳ ጋር መላተም ትፈልጋለች። የሚኖሩት ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ስለ አንድ ልጅ የሚሰጥ ምክር ሞልቷል። ሁለት ተቃራኒ ልጆች እንዴት አብረው እንደሚያድጉ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የረዳኝ የሰውነትን አሠራር ማወቄ ነው። ልጅ እያለን አምስት የስሜት ሕዋሳት ብለን ተምረናል። ሌሎች ሦስትም አሉ። አንደኛው በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሲሆን ሚዛንና እንቅስቃሴን ይነግረናል። ሁለተኛው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ነው፤ እጅና እግራችን የት እንዳለ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደተጠቀምን የምናውቀው በእሱ ነው። ሦስተኛው የሰውነታችንን ውስጥ ይነግረናል፦ ረሃብን፣ ጥማትን፣ ሽንትን። ታናሿ ዕቃ የምትሰብረው፣ ሰው ስታቅፍ ትንፋሽ የምታሳጣው ክፋት ኖሮባት አይደለም። የጉልበቷ መጠን ለራሷ በደንብ አይሰማትም። ታላቋ ደግሞ መራቧን የምታውቀው ከተናደደችና ካለቀሰች በኋላ ነው። ስለዚህ እስክትጠይቅ አልጠብቅም፤ በሰዓቱ አቀርብላታለሁ።

የልጅን ጠባይ ከስሜት ሕዋሳት አሠራር ጋር አያይዞ የማየትን አስተሳሰብ ያዳበረችው ጂን ኤርስ የተባለች አሜሪካዊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ናት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት የሚሰጥ ያልተለመደ ምላሽ ከኦቲዝም መለያዎች ውስጥ ገብቷል። ለብቻው የቆመ የምርመራ ስም ግን አልሆነም። ይህ ለኛ ቤት ትርጉም ነበረው። የታላቋ ወረቀት ላይ ችግሩ ተጽፏል። የታናሿ ላይ አልተጻፈም። እርዳታው ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለሙያ ጋ ስሄድ ስሙን ትቼ የማየውን እናገራለሁ፦ "ልብስ ስትለብስ እንዲህ ትሆናለች፣ ሰው ሲበዛ እንዲህ ታደርጋለች።" ወረቀት ላይ ስም ቢኖርም ባይኖርም፣ ጥሩ ባለሙያ ከዚህ ተነስቶ መሥራት ይችላል።

እኔም የማየውን መጻፍ ጀመርኩ። አንዷ ስትፈነዳ ያደረገችውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን እመዘግባለሁ። ምን ድምፅ ነበር? ማን ነካት? እንቅልፏስ? የታላቋ ምሥጢር የተገኘው እዚህ ደብተር ላይ ነው። ትምህርት ቤት "በጣም ጨዋ ናት" ይሉኛል። ቤት ስትገባ ግን በጫማ ማውለቅ እንኳ ታለቅሳለች። ጫማው አልነበረም ችግሩ። ቀኑን ሙሉ ጩኸቱን፣ ግፊያውን፣ መብራቱን ታግሳ ትውላለች። የያዘችውን የምትለቀው እናቷ ጋ ስትደርስ ነው።

እንግዲህ ዋናው ግጭት እዚህ ሰዓት ላይ ነበር። ታላቋ ዝምታ ተርባ ትገባለች። ታናሿ እህቷን ስታይ በደስታ ትጮሃለች፣ ትዘልባታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። "ዝም በይ" ማለትም "ቻይው" ማለትም ለአንዷ በደል ነው።

መፍትሔው ሰዓቱን ማስተካከል ሆነ። ታላቋ ከመድረሷ በፊት ታናሿ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ትሠራለች። ልብስ የሞላበት ቅርጫት ትገፋለች። ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከክፍል ወደ ክፍል ታጓጉዛለች። ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ጡንቻና መገጣጠሚያን የሚያሠራ ነገር ብዙ ልጆችን ያረጋጋል፤ ለእሷ ደግሞ ተአምር ነው። እህቷ ስትገባ ሰውነቷ ረክቷል። ጊዜው ወሳኝ ነው። ከፈነዳች በኋላ ቅርጫት ግፊ ቢሏት አይሠራም። ታላቋ ስትገባ ደግሞ ማንም ጥያቄ አይጠይቃትም። "ዛሬ እንዴት ነበር?" የሚለውም ይቆያል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወዳበጀንላት ጠባብ ቦታ ትገባለች። መብራት የለም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ሲሻላት ራሷ ትመጣለች።

ያ ቦታ የእሷ ብቻ ነው። ታናሿ ሕጉን በቃል ብነግራት አይገባትም። ግን ሥዕል ይገባታል። መግቢያው ላይ "ቁሚ" የሚል የተዘረጋ እጅ ፎቶ ለጠፍን። ለእሷም ማንም የማይከለክላት ቦታ ሰጠናት፦ መሬት ላይ ፍራሽ፣ ከላይ ዥዋዥዌ። ዥዋዥዌው ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ያረጋጋታል። ሲሽከረከር ግን ትቀወጣለች። ስለዚህ ማታ መሽከርከር የለም።

የለመድነውን "ንክኪ አትወድም" የሚለውን አባባል ጠጋ ብዬ ሳየውም ተለወጠብኝ። ታላቋ ቀላል፣ ድንገተኛ ንክኪ ነው የማትችለው። ጥብቅ አድርጎ መያዝ ግን ትወዳለች፤ አስቀድሜ ከነገርኳት። ይህን ማወቄ ብዙ ነገር አቀለለ። ፀጉሯን ከጫፉ ጀምሬ፣ ሥሩን በእጄ ጠበቅ አድርጌ ይዤ አበጥራለሁ። እስከ አስር ጮክ ብለን እንቆጥራለን፤ መቼ እንደሚያበቃ ካወቀች ትታገሳለች። ካልሲ ስፌቱ ወደ ውጭ ይገለበጣል። የልብስ ምልክት ተቆርጦ ይጣላል። የጥርስ ሳሙናዋ የማይሸት፣ አረፋ የማያወጣ ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ጥብቅ መያዝን ሁለቱም እንደሚወዱት ያየችው ራሷ ታላቋ ናት። ታናሿን በብርድ ልብስ ትጠቀልላትና፣ ጭንቅላቷን ውጭ ትታ፣ ከላይ በትራስ ትጫናታለች። ታናሿ በሳቅ ትሞታለች። ቀጥሎ ተራው የታላቋ ይሆናል። እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ ፊት እንዳይሸፈን፣ ጫናው እንዳይበዛ አያለሁ። በቀን ውስጥ ሁለቱ ሰውነቶች አንድ ነገር የሚፈልጉበት ሰዓት ይህ ነው። ከየትኛውም ቴራፒ በላይ እህትማማች ያደረጋቸው ይህ ጨዋታ ይመስለኛል።

ፍትሕ ከባድ ጥያቄ ነው። ታላቋ አንድ ቀን "እማዬ፣ እሷ ሶፋ ላይ ስትዘል ዝም ትያታለሽ፣ እኔን ግን ጥርስሽን ካልቦረሽሽ ትይኛለሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልሸፋፈንኩም። "የሷ ሰውነት መዝለል ይጠይቃታል፣ ያንቺ ጸጥታ ይጠይቅሻል፤ ጥርስ ግን ለሁለታችሁም ግዴታ ነው" አልኳት። ታናሿም በየቀኑ እየታገለች እንደምትቦርሽ ወስጄ አሳየኋት። አንድ ነገር ግን ቃል ገብቼላታለሁ፦ የእህቷ ሞግዚት አትሆንም። ስትፈልግ ትጫወታለች፣ ሳትፈልግ ትሄዳለች። ታላቅ እህት መሆኗ ልጅነቷን ሊወስድባት አይገባም።

ታናሿ በሥዕል ካርድ ነው የምትግባባው። "ሥዕል ካስለመድሻት አፏን አትፈታም" ያሉኝ ነበሩ። ሥዕል ንግግርን አይከለክልም፤ እንዲያውም ልጅ የሚፈልገውን መናገር ሲችል ጩኸቱ ይቀንሳል። "በቃኝ" የሚለው ካርድ ሕይወታችንን ቀይሮታል። ታላቋም ድምፅ ሲበዛባትና ቃል ሲጠፋባት የእህቷን ካርድ ታነሳለች።

መናገር ለማይችል ልጅ ወላጅ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። አዲስ ጠባይ ስታዩ መጀመሪያ ሰውነትን አስመርምሩ። ታናሿ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ማጋጨት ስትጀምር "ያው የለመደችው ነው" ተባልኩ። ይህ ግን አዲስ ነበር፤ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የጆሮ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ጥርስ፣ የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም በጠባይ ይወጣል። ምግብ ያልሆነ ነገር የሚበላ ልጅ ካለ ደግሞ የብረት እጥረት እንዳለበት ማስመርመር ተገቢ ነው።

ስለ ዕቃዎችም ጥቂት ልበል። የጆሮ መከለያ ጠቃሚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ግን ጆሮ ጸጥታውን ይለምድና ተራ ድምፅም ይከብዳል። እኛ ለገበያና ለድግስ ብቻ ነው የምናወጣው። ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ለጨቅላ ሕፃንም ሆነ በራሱ ገፎ ሊወጣ ለማይችል ልጅ አይሆንም። ሁሉም የሚሸጥልን ነገር ማስረጃ ያለው አይደለም። አዲስ ዘዴ ሲቀርብልኝ "ለምን ዓላማ ነው? መሥራቱንስ በምን እናውቃለን?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ከሌለው ገንዘቤንም ልጄንም አልሰጥም።

ሰው መሀል አንዷ ስትፈነዳ "ሞልቃቃ"፣ "አሳዳጊ የበደላት" የሚሉ አሉ። ያማል፣ በጣም ያማል። ግን በዚያች ደቂቃ ልጄ ናት የምታስፈልገኝ። "ድምፁ በዝቶባት ነው፣ ትንሽ ቦታ ልቀቁልን" እላለሁ፣ ከዚያ ዝቅ ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ብዙ ቃል አላበዛም፤ የእኔም ድምፅ ድምፅ ነው።

አሁን ታላቋ ወደ ጉርምስና እየተጠጋች ነው። የወር አበባ ለእሷ ትልቅ የንክኪ ጉዳይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ሳይመጣ ተለማመድን። የተለያዩ ሞዴሶችን በእጇ ነካች፣ የሚሻላትን መረጠች፣ ቤት ውስጥ ለአጭር ጊዜ አድርጋ ሞከረች። ደሙን ራሱ የሚመጠውን የውስጥ ሱሪ መረጠች፤ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ነው አለች። ለታናሿ ገና ነው፤ የሥዕል ቅደም ተከተሉን ግን ከአሁኑ እየሳልኩ ነው፣ ታላቋም ቀለም እየመረጠችልኝ።