የጾም ምግብ፣ የዘይት ጀሪካንና አሥራ ሁለት ኪሎ

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ክብደቴ 79 ኪሎ ነበር። ሃምሳ አምስቱ ቀን አልፎ በፋሲካ ማግስት፣ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት የሰፈራችን ልጆች በአንዱ ሚዛን ላይ ስወጣ 82 አነበብኩ። የልጁ ሚዛን ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ተመዘንኩ፤ ልዩነት አልነበረውም። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ለሁለት ወር ገደማ ሳልቀምስ፣ አብዛኛውንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልበላ ቆይቼ ሦስት ኪሎ መጨመሬ ፈጽሞ ሊገባኝ አልቻለም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው፤ ክብደቴ በቁመቴ ካሬ ሲካፈል 31 ይመጣል፤ ከ30 ጀምሮ ያለው ደግሞ በሕክምናው ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ የሚመደብ ነው። አባቴን ያጣሁት ስኳር ሕመም ባስከተለበት ችግር በመሆኑ ይህን ቁጥር አቅልዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጾም ለክብደት መቀነሻ የተሠራ ሥርዓት አይደለም፤ እኔም እንደዚያ ላደርገው አልፈልግም። ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ባማከርኳቸው ጊዜ «ጾሙን ለነፍስሽ ጹሚ፤ ሰውነትሽንም ጠብቂ፤ እርሱም አደራ ነው» አሉኝ። ሆኖም ከረቡዕና ከዓርብ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትንና ፍልሰታን ደምረን ብንቆጥር አንድ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት ማዕድ ይበላል። የዓመቱን ግማሽ የምንመገበው ምግብ እንዴት እንደሚበስል መመርመር ታዲያ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይመስለኝም። ለእኔ ደግሞ ጉዳዩ ከግማሽ ዓመትም አልፏል፤ ከዚያ ፋሲካ በኋላ የሥጋ ፍላጎቴ ስላልተመለሰ፣ በፍስክ ወራት እንቁላልና ወተት ብወስድም ሥጋን ጨርሼ ትቻለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ስሕተት ነበር። በግንቦትና በሰኔ እንጀራውንም ወጡንም ትቼ በሰላጣ፣ በሐብሐብና በሎሚ ውኃ ብቻ በመቆየት በስድስት ሳምንት ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። ፀጉሬ በማበጠሪያው ላይ መቅረት ጀመረ፤ ደረጃ ስወጣ ዓይኔን ይጋርደኝ ነበር። ደሜ ሲመረመር የብረት እጥረት እንዳለብኝና የቫይታሚን ቢ12 መጠኔም ዝቅተኛ መሆኑ ታወቀ። ያየችኝ ሐኪም በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ ሰው በቂ ፕሮቲን ሳያገኝ በፍጥነት ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንስና የወረደው ክብደት ለመመለስ ይቀልለዋል። በፍጥነት መክሳት ለሐሞት ጠጠርም ያጋልጣል። ደኅና የሚባለው አካሄድ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ነው፤ ከዚያ ቢያንስም ጉዳት የለውም። እርሷ እንዳለችውም መስቀል ሳይደርስ ሰባቱም ኪሎ ተመልሶ ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ በቤታችሁ አንድ ጀሪካን ዘይት ስንት ቀን ይቆያል? መልሱን አላውቅም ነበር። እቤት ገብቼ እማዬን ስጠይቃት፣ ጾም ሲሆን ባለ አምስት ሊትሩ ለአራታችን ሦስት ሳምንት እንደሚበቃ ነገረችኝ። የምሠራው በሒሳብ ሥራ ስለሆነ ያን ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አምስት ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ ጀሪካኑ ከ41,000 ካሎሪ በላይ ይይዛል፤ ይህ ለአራት ሰውና ለ21 ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዳችን በቀን 490 ካሎሪ ገደማ ይደርሰናል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ለምትውል እንደ እኔ ላለች ሴት በቀን 2,000 ካሎሪ ያህል ይበቃታል። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚሆነውን፣ እንጀራው ሳይቆረስና ክኩ ሳይቆጠር፣ በዘይት ብቻ እሞላው ነበር ማለት ነው። ቅቤን ስለተውን ቀለል ያለ ምግብ የበላን ይመስለናል፤ ዘይት ግን በካሎሪ ከነጠረ ቅቤ አያንስም። በገበያችን በብዛት የሚገኘው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመቸው ዓይነት ስብ ነው።

ዘይቱ የሚገባው በቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ገና ብረት ድስት ውስጥ ሲጣድ አንድ ጭልፋ ዘይት ይፈስበታል፤ በርበሬው ሲገባ እንዳያር ተብሎ ሌላ ይጨመራል፤ ለእይታም ከላይ እንዲንሳፈፍ ይፈለጋል። አሁን ሽንኩርቱን በደረቁ፣ በራሱ ውኃ፣ በዝግታ እያማሰልን ቡናማ እስኪሆን እናቆየዋለን፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረግን ሙቅ ውኃ እንጨምራለን፤ በርበሬውንም በውኃ አሽተን ካበሰልነው በኋላ ለሙሉው ድስት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ እንጨምርበታለን። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነውና ሁለቱ ለአራት ሰው ሲከፋፈል የሚያሳስብ መጠን አይደለም። ጊዜ ይፈልጋል፤ ቁሌቱ ብቻ አርባ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ጥድፊያ ባለበት ቀን አይሳካም። ነገር ግን ዘይት የሚሸፍነው የሽንኩርትና የበርበሬ ጣዕም ጎልቶ ስለሚወጣ፣ እኔ እንዲህ የተሠራውን ምስር ወጥ ከቀድሞው አብልጬ እወደዋለሁ። እማዬ መጀመሪያ ላይ ደስ ባይላትም፣ ቆይታ በልጅነቷ በገጠር የጾም ወጥ በተቆላና በተወቀጠ ኑግ ወይም በሱፍ ውኃ ይሠራ እንደነበር ማስታወስ ጀመረች፤ ይህን አበሳሰል ከእርሷ ዘንድ ማግኘቴ ከማንኛውም የአመጋገብ መመሪያ በላይ ረድቶኛል።

ቀጥሎ ያየሁት የእንጀራና የወጥ ምጥጥን ነው። የእኛ ምጣድ 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከዚያ የሚወጣውን እንጀራ አንድ ከግማሽ እየበላሁ፣ በላዩ የማገኘው ወጥ ግን ከሁለት ጭልፋ አያልፍም ነበር። ጥፋቱ የእንጀራው አይደለም፤ ጤፍ በእርሾ ሲቦካ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር እንኳ ይቀንሳል። ጉዳዩ የመጠን ነው። አሁን ግማሽ እንጀራ ወስጄ ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑንና ፎሶልያውን በእጥፍ አደርጋለሁ። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ፋይበር ይዞ ካሎሪው 116 ብቻ ስለሆነ፣ ረኃብን ለረጅም ሰዓት የሚያስታግስ ምግብ ነው። ሽሮ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በጣም የቀጠነ ሽሮ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ዓይን የገመተውን ያህል ፕሮቲን አይሰጥም፤ በርካሽ ተብሎ ከጓያ ጋር የተደባለቀ ዱቄት ከሆነ ደግሞ፣ ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ለሚያሽመደምድ በሽታ ስለሚዳርግ፣ ከሚታወቅ ሰው ካልሆነ ባይገዛ እመርጣለሁ። ንፍሮ፣ በሰናፍጭ የተለወሰ አዚፋና በቆልት ከቤታችን የማይጠፉ ሆነዋል። ሦስቱም ዘይት ባይነካቸው የማይጎድልባቸው ምግቦች ናቸው።

የብረትና የቢ12 ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በያዙት ቫይታሚን ሲ ሲያግዙት፣ ሻይና ቡና ደግሞ ያግዱታል። ከምሳ ተነሥቶ ወዲያው ቡና ማፍላት በቤታችን የቆየ ልማድ ስለነበረ ይህን መቀየር ከዘይቱ ይልቅ ከበደኝ፤ አሁን ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተን እንጠጣለን። ቢ12ን በተመለከተ ግን በአበሳሰል የሚፈታ ነገር የለም። ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ስለሆነ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ የተወ ሰው በእንክብል ሊወስደው ይገባል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ እጥረቱ ዘግይቶ ይታያል፤ ሲታይ ግን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። እኔ ሐኪሜ ያዘዘችልኝን እወስዳለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜም እመረመራለሁ።

በጾም ወቅት የሚያወፍረን ሌላው ነገር የዕለቱ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የተራበ ሰው ፊት ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ ብስኩትና የጾም ኬክ ሲቀርብ መጠኑን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ወደ ቢሮ በትንሽ ዕቃ የሽንብራ ንፍሮና አንድ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በእርሱ ጀምሬ፣ ዋናውን ምግብ እቤት ስገባ እበላለሁ። ይህን በማድረጌ ብቻ የማታው ረኃብ ጋብ ብሎልኛል። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት አምስት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ።

የሰው ቃል ያደክማል። ስወፍር «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ይሉኝ የነበሩ ዘመዶች አራት ኪሎ ስቀንስ «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነው እንዴ?» ማለት ጀመሩ። አንዲት አክስቴ ለቅሶ ቤት ውስጥ እጄን ይዛ ስታለቅስልኝ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሀገራችን የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ወደ ስንት ቤት እንደገባ እያየን ውፍረትን የደኅንነት ምልክት አድርገን መቀጠላችን ያሳዝነኛል። ጉርሻውን እቀበላለሁ፤ ሁለተኛውን ግን በአክብሮት እመልሳለሁ።

በጥቅምት 2016 ከ82 ጀምሬ በፍልሰታ 70 ደረስኩ፤ አሥር ወር ወሰደ። ፀጉሬ አልረገፈም፤ የብረት መጠኔም ተስተካክሏል። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ የሆነች እናት፣ እንዲሁም ለስኳር ኢንሱሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምግቡ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል፣ ይህን ሁሉ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር እንዳይጀምር አደራ እላለሁ።

እማዬ አሁን አዲስ ጀሪካን በተገዛ ቁጥር ቀኑን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ትጽፍበታለች። ባለፈው የተጻፈው ጥቅምት 4 ነበር፤ ነቢያት ገብቶ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን ምስር ልትሠራ ስታነሣው ገና ጥቂት ነበረው።