ካምፐር ጣሪያ ላይ ዲሽ፦ ምን መረጥኩ፣ እንዴትስ ገጠምኩት

ለካምፐር፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ላለው የጉዞ መኪና፣ የሚሸጥ ዲሽ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በሞተር የሚሠራው ነው፤ ቁልፉን ስትጫኑት ከጣሪያው ላይ ይነሣል፣ ሳተላይቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ስትጨርሱም ራሱ ይተኛል። ዋጋው ከሺህ ዩሮ በላይ ነው፣ ሦስት ሺህ የሚጠጋም አለ። ሁለተኛው በእጅ የሚነሣው ነው። ምሰሶው ጣሪያውን በስቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ መኪናው ውስጥ ሆናችሁ በእጀታ ታነሡታላችሁ፣ ታዞሩታላችሁ። ሦስተኛው ከጣሪያ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ታስሮ ሣር ላይ የሚቀመጥ ተራ ዲሽ ነው።

እኔ ጣሪያው ላይ በእጅ የሚነሣውን ባለ 65 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ገጠምኩ። በመኪናው ጎን ደግሞ ውኃ የማያስገባ የኬብል መሰኪያ ጨምሬ፣ መሬት ላይ የሚቆመውን ዲሽ መጠባበቂያ አደረግኩት። ሁለቱንም መያዝ ያስፈለገው በጥላ ምክንያት ነው። በበጋ ሙቀት ማንም ሰው መኪናውን ዛፍ ሥር ማቆም ይፈልጋል፤ ዛፍ ሥር የቆመ የጣሪያ ዲሽ ደግሞ ዋጋው ምንም ይሁን ምን አያይም። ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ ያረፈበት፣ ሲግናሉን ይውጠዋል። በክረምት ቅጠሉ ረግፎ ቅርንጫፉ ብቻ ሲቀርም ጥቅጥቅ ካለ ይከለክላል። እንዲህ ሲሆን መኪናው ጥላው ውስጥ ይቆያል፣ ትንሹ ዲሽ አሥር ሜትር ኬብል ይዞ ፀሐይ ላይ ይወጣል።

አውቶማቲኩ በየምሽቱ ቦታ ለሚቀይር ሰው ገንዘቡን ያወጣል። አንድ ቦታ ሳምንት ለሚቀመጥ ግን አምስት ደቂቃ እጀታ ማዞር ምንም አይደለም። ክብደትም አለ። በ«ቢ» መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ካምፐር ከነጭነቱ ከ3.5 ቶን ማለፍ አይችልም፤ ውኃ፣ ጋዝ፣ ብስክሌትና ሰው ሲጨመርበት ብዙው መኪና ገደቡ ጫፍ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ የሚወጣውን እያንዳንዱን ኪሎ መቁጠር ይገባል።

ስለ ዲሹ ስፋት ሻጮች ትልቁን ያስመኛሉ። ለጀርመን፣ ለኦስትሪያ፣ ለስዊዘርላንድና ለሰሜን ጣሊያን 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወደ ደቡብ ስፔን፣ ወደ ፖርቱጋል ወይም ወደ ስካንዲኔቪያ ሰሜን የሚዘልቅ ሰው 80 ወይም 85 ይያዝ። ትልቅ ዲሽ ግን ዕዳም አለው። 60ው ሦስት ዲግሪ ያህል ስፋት ያያል፣ 80ው ሁለት ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ 80ውን ማስተካከል ይበልጥ ይከብዳል፣ ነፋስም ቶሎ ያናውጠዋል፤ ሰው መኪናው ውስጥ ሲራመድ ራሱ ሥዕሉ ሊቆራረጥ ይችላል።

እዚህ ጀርመን የሚፈለገው ሳተላይት አስትራ ነው፤ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። ከፍራንክፈርት ሲታይ ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ በኮምፓስ 166 ዲግሪ አካባቢ፣ ከአድማስ በላይ ደግሞ 32 ዲግሪ። ሃምቡርግ ላይ ከፍታው 28፣ ሙኒክ ላይ 34፣ ሮም ላይ 41 ይሆናል። አዲስ አበባ ዲሽ ሲያስተካክል የኖረ ሰው እዚህ እጁ ያታልለዋል። ኢትዮሳት ያለበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከአዲስ አበባ ሲታይ 66 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው፣ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ኤልኤንቢውም (ከዲሹ ፊት ለፊት ክንዱ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) እዚያ 60 ዲግሪ ያህል መጠምዘዝ አለበት፣ ፍራንክፈርት ላይ 9 ዲግሪ ብቻ። በዚያ ላይ የአሁኑ ዲሽ ኦፍሴት ነው፦ ፊቱ ከሚያሳየው 25 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያያል። ጀርመን ውስጥ በትክክል የተስተካከለ ዲሽ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እንዲያውም የአጥሩን ግንብ የሚመለከት ይመስላል። «ይኼማ ሰማዩን አያይም» ብሎ ወደ ኋላ የሚያጋድመው ሰው ሳተላይቱን ከነጭራሹ ያጣዋል።

የማቆሚያ ቦታ ስመርጥ የምጠቀምበት ስሌት ይህ ነው፦ በደቡብ በኩል ያለው ዛፍ ወይም ሕንፃ ከዲሹ በላይ ስንት ሜትር ይወጣል? ያንን በ1.6 አባዙት። ዲሹ ሦስት ሜትር ላይ ሆኖ ዛፉ አሥራ ሦስት ሜትር ቢሆን ልዩነቱ አሥር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥራ ስድስት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ወደ ሰሜን ጀርመን ስትወጡ 1.9 አድርጉት።

ጣሪያው ላይ ቦታ መምረጥ ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ ወሰደ፣ መውሰድም ነበረበት። ምሰሶው ወደ ውስጥ ስለሚወርድ እጀታው ቁም ሣጥን አጠገብ ወይም መተላለፊያ ላይ መውረድ አለበት፤ አልጋ በላይ ከሆነ ጭንቅላት ይመታል። ከላይ ደግሞ የተኛው ዲሽ የጣሪያ መስኮቱን እንዳይነካ፣ የሶላር ፓነሉንም እንዳያጠላ ማየት ነው። በዲሹ ልክ ካርቶን ቆርጬ፣ መሀሉን በሚስማር ይዤ ጣሪያው ላይ ዙሪያውን አዞርኩት። ወረቀት ላይ ያልታየው የጣሪያ መስኮት መክደኛ በካርቶኑ ወዲያው ታየ፤ ተከፍቶ ሲቆም መንገድ ይዘጋ ነበር። ቦታውን አርባ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሳብኩት።

ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት ጣሪያው ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ። ብዙው ካምፐር ጣሪያው እንደ ሳንድዊች ነው፦ ከላይ ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ፣ መሀል ፎም፣ ከታች ስስ ኮምፔንሳቶ። የመብራት ሽቦ በዚያ ፎም ውስጥ ያልፋል። የመብራቶቹን ክዳን አውልቃችሁ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ ከዚያ መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከላይ ወደ ታች ብሱና ውስጥ የት እንደወጣ አረጋግጡ። ትልቁን ቀዳዳ አምራቹ በሰጠው ልክ በክብ መጋዝ ትቆርጣላችሁ።

ሰው የሚዘነጋው ቀጥሎ ያለውን ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ፎሙ ይጨፈለቃል፣ ጣሪያው ትንሽ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፣ ማሸጊያውም በወራት ውስጥ ይላቀቃል። ስለዚህ በቀዳዳው ዙሪያ ፎሙን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በጠማማ ሽቦ ፍቄ አወጣሁና በምትኩ የእንጨት ቀለበት በኢፖክሲ አጣበቅኩ። ያኔ ቡሎኑ የሚጫነው ጠንካራ ነገር ላይ ነው። የተቆረጠውን የእንጨት ጠርዝ ሁሉ ኢፖክሲ ማልበስ አይቀርም፤ ውኃ የጠጣ ኮምፔንሳቶ ተመልሶ አይድንም።

ለመሸከሚያው (ምሰሶው ጣሪያው ላይ ለሚያርፍበት ክፍል) ማጣበቂያው ፖሊዩሬቴኑ ሲካፍሌክስ 252 ነው፤ ፀሐይ ለሚያየው የውጭ ጠርዝ ደግሞ ሲካፍሌክስ 521ዩቪ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ጣሪያ ላይ አይወጣም። ያን ያህል ጭነት አይይዝም፤ አንዴ ከተቀባም በኋላ ሌላ ማጣበቂያ እዚያ ቦታ ላይ አይጣበቅም። አሠራሩ፦ ጣሪያውን በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ታደርቃላችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ታሻክራላችሁ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ትወለውላላችሁ፣ ቁሱ የሚፈልግ ከሆነ ፕራይመር (ማጣበቂያው እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ) ትቀባላችሁ። ፕላስቲክ መሸከሚያ አብዛኛውን ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ማጣበቂያውን በሦስት ማዕዘን መስመር ታወጡና መሸከሚያውን ታስቀምጣላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ግን አትጫኑት። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት መቅረት አለበት፤ ጣሪያ በሙቀት ሲለጠጥ፣ መኪና ሲንቀጠቀጥ ያንን የሚችለው ይህ ውፍረት ነው። አራት ትናንሽ የጎማ ቁራጮች ከሥር ብታደርጉ ልኩን ይጠብቁላችኋል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቀን ተዉት። ማጣበቂያው የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ነው፤ በ24 ሰዓት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከጠርዝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሰፊ መሸከሚያ ላይ ጠርዙ ደርቆ መሀሉ ገና ለስላሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ለቀናት አውራ ጎዳና ላይ አልወጣም።

ኬብሉ 75 ኦም ኮአክሲያል ሆኖ ውጪ የሚሆነው ክፍል ፀሐይ የሚችል ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን። ምሰሶው ሲዞር ስለሚታጠፍ እዚያ ላይ ቀጭኑንና ተጣጣፊውን ተጠቀምኩ፣ የመሬቱ ዲሽ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትሩን። ኤፍ ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) ላይ አትቸኩሉ። የውጩን ልባስ ስትልጡ የሽቦውን ጉንጉን ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ፣ ነጩን ፕላስቲክ ትቆርጣላችሁ፣ የመሀሉ መዳብ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይቀራል። ከጉንጉኑ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር እንኳ መሀሉን ከነካች ሾርት ነው፤ ሪሲቨሩ የኤልኤንቢውን መብራት ይዘጋል። የውጩን ኮኔክተር ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ሸፍኑት፤ ተራ ናስትሮ በፀሐይ ይላቀቃል። ኬብሉ ወደ ጣሪያው መግቢያ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተመልሶ ይውጣ፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ስለ ቴሌቪዥኑ ባጭሩ፦ «12 ቮልት» የተጻፈበት ሁሉ ለመኪና አይሆንም። ባትሪው በቻርጅ ላይ ሲሆን 14.4 ቮልት ይደርሳል፣ ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል። ይህንን ሁሉ እንደሚችል መግለጫው ላይ ያልተጻፈ ከሆነ መሀል ላይ ማረጋጊያ ያስፈልገዋል። መስመሩን በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳብኩት፤ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ነው። ሪሲቨሩ ኤችዲ የሚቀበል መሆን አለበት፤ የጀርመን የሕዝብ ሥርጭት ድርጅት ኤአርዲ በፈረንጆች ጃንዋሪ 2025 በሳተላይት የነበረውን ተራ ጥራት ሥርጭት ዘግቷል፣ ስለዚህ አሮጌ ሪሲቨር ዋና ቻናሉን «ዳስ ኤርስተ»ን አያሳይም።

ሳተላይቱን ለማግኘት መጀመሪያ መኪናው በውኃ ልክ ቀጥ ይበል። ካላለ የእጀታው ዲግሪ ይዋሻል። ኮምፓሱን ከመኪናው ጥቂት ሜትር ርቃችሁ አንብቡት፤ ብረቱ ያሳስተዋል። ከፍታውን በስኬሉ ላይ አስቀምጡ፣ ሪሲቨሩን 11494 (ፍሪኩዌንሲ)፣ ኤች (አግድም ሞገድ፤ ቪ ቀጥ ያለው ነው)፣ 22000 (ሲምቦል ሬት) ላይ አድርጉት፤ ዳስ ኤርስተ እዚያ ነው። ሌላው የሕዝብ ጣቢያ ዜድዲኤፍ 11362፣ ኤች፣ 22000 ነው። ከዚያ ዲሹን በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ አዙሩና በየቦታው ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ዲጂታል ሪሲቨር ፈጥኖ አይዝም፤ በችኮላ የሚያዞር ሰው ሳተላይቱን አልፎት ይሄዳል። ሪሲቨሩ ከሚያሳያቸው ሁለት መለኪያዎች የምታዩት «ኳሊቲ»ን ነው። «ስትሬንግዝ» ኬብሉ ከተሰካ ሰማይ ባዶም ሆኖ ይታያል፤ ርካሹ የሚጮኸው ሜትርም ለማንኛውም ሳተላይት ይጮኻል።

ኳሊቲው ጥሩ ሆኖ ቻናሉ ካልመጣ የያዛችሁት ጎረቤቱን ነው። ብዙ ጊዜ 13 ዲግሪ ላይ ያለው ሆትበርድ ነው፤ ቻናል አስፈልጉና ጣሊያንኛው ከበዛ እሱ ነው። ፍራንክፈርት አካባቢ ከሆናችሁ ዲሹን ስምንት ዲግሪ ያህል ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ ማዞር ነው። አስትራ ከተገኘ በኋላ ኳሊቲው እስኪወርድ ወደ ግራ፣ ከዚያ እስኪወርድ ወደ ቀኝ ወስዳችሁ መሀሉ ላይ አቁሙ፤ ከፍታውንም እንዲሁ። በመጨረሻ ኤልኤንቢውን ጠምዝዙ፤ ዲሹ ጀርባ ቆሞ ሰማዩን ለሚያይ ሰው ወደ ግራ ነው። ባርሴሎና ላይ 18 ዲግሪ፣ ሊዝበን ላይ 30 ይደርሳል፤ በእጅ በሚነሣው ዲሽ ይህ ጣሪያ ላይ መውጣት ይጠይቃል።

የኤች ቻናሎች ብቻ ከጠፉ ኮኔክተሩን ጠርጥሩ። ኤልኤንቢው ለኤች 18 ቮልት፣ ለቪ 13 ይፈልጋል፤ የዛገ ኮኔክተር 18ቱን አያደርስም። ፍሪኩዌንሲያቸው ከ11700 በላይ ያሉት ብቻ ከጠፉ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው የሚልከው 22 ኪሎ ኸርዝ ምልክት አልደረሰም ወይም ኤልኤንቢው ተበላሽቷል።

ዲሹን አንሥቶ የረሳ ሾፌር መጀመሪያ ያገኘው ድልድይ ሥር ያስታውሰዋል። አውቶማቲኮቹ ሞተር ሲነሣ የሚያስተኛቸው መስመር አላቸው፤ የእጅ ዲሽ ግን የለውም። ስለዚህ ዲሹ በተነሣ ቁጥር የመኪናው ቁልፍ እጀታው ላይ ይንጠለጠላል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት መሰላል ይዤ እወጣና በመሸከሚያው ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አያለሁ። የተሰነጠቀ ካለ ያንን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ፣ አጽድቶ እንደገና መሙላት ነው፤ ከላይ መለጠፍ ውኃውን ከሥር ያስቀረዋል።