ኔት በሚቆራረጥበት ክፍል የትኞቹ ነፃ መሣሪያዎች ሠሩልኝ?

በየመስከረሙ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፖች «ለመምህራን የሚጠቅሙ 50 ነፃ ድረ ገጾች» የሚል ዝርዝር ይዞራል። ላኪውም ተቀባዩም ከፍቶ አያየውም። እኔ በአንድ ክረምት ቁጭ ብዬ ብዙዎቹን ሞከርኳቸው። የማስተምረው አዳማ ውስጥ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ፊዚክስ ነው። በአንድ ክፍል 60 የሚጠጋ ተማሪ አለ፤ ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ኤልሲዲ ፕሮጀክተሩን ከሌሎች ዲፓርትመንቶች ጋር በወረፋ ነው የምንጠቀመው፤ የዋይፋዩ ሲግናል ደግሞ ከአስተዳደር ቢሮው ብዙም አልፎ አይደርስም። «እያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያውን ከፍቶ ይግባ» ብሎ የሚጀምር ሁሉ እዚህ ጋ ወደቀ። ከዝርዝሩ አብዛኛው ማለት ነው።

የተረፉትን በሁለት ጥያቄ አጣራኋቸው። አንደኛ፣ ኔት ወይም መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ክፍለ ጊዜው ይቀጥላል ወይ? ሁለተኛ፣ በፈለግኩበት ቦታ ላስቆመው እችላለሁ ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ ከራሴ የተማሪነት ዘመን የመጣ ነው። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ ከደረሱበት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። በስክሪኑ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ በትክክል እንደመለስን ቆጥሮ አመስግኖን ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን ገልብጠን አልጨረስንም። የክፍሉ መምህራችን ዳር ቆመው እኩል ከእኛ ጋር ያዩ ነበር፤ «ቆይ እስቲ» ማለት አይችሉም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ። ሥርጭቱ ጥሩ ጥሩ ሥዕሎች ነበሩት፣ አልክድም። ግን መምህሩ ሊያስቆመው የማይችለው መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ክፍሌ ውስጥ አይገባም ብያለሁ።

በዚህ ወንፊት ካለፉት ውስጥ በጣም የምጠቀምበት ፌት ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ውስጥ፣ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው የሲሙሌሽን (ስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሞከር የላብ ሙከራ ማለት ነው) ስብስብ ነው፤ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሒሳብ አለው። ዋናው ነገር አዳዲሶቹ ሲሙሌሽኖች አንድ በአንድ መውረድ መቻላቸው ነው። የወረደው ፋይል ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ኔት የሚባል ነገር አይጠይቅም። ምዝገባም የለውም። ድሮ በጃቫ የተሠሩት ግን በብዙ ኮምፒውተር ላይ አይከፈቱም፤ አትድከሙባቸው።

ከፌት ጋር የማጣምረው ፕሊከርስን ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ የታተመበት ካርድ ይሰጠዋል። የካርዱ አራት ጎኖች አራቱ ምርጫዎች ናቸው፤ ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ያነሳል፤ እኔ በስልኬ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ስቃኝ ማን ምን እንደመለሰ ይመዘግባል። የሁሉም ካርድ ቅርጽ ስለሚለያይና ፊደሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከጎን መኮረጅ አይመችም። ትልቁ የካርድ ስብስብ 63 ነው፤ ለእኛ አገር ክፍል በልክ የተሰፋ ይመስላል። ካርዶቹን በተራ ወረቀት አሳትሜ የብስኩት ካርቶን ላይ ለጥፌያቸዋለሁ፤ እስካሁን አሉ። የመምህሩ ስልክ ግን ኔት ይፈልጋል። ኔት እምቢ ባለ ቀን «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መልሱን በጣት ደረታችሁ ላይ አሳዩ» እላለሁ፤ ስም አይመዘገብልኝም እንጂ የክፍሉን ሁኔታ አያለሁ።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመስል በአንድ ትምህርት ላሳይ። ርዕሱ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አምፖሎች በሲሪስ፣ ማለትም በአንድ መስመር ተከታትለው፣ ከባትሪ ጋር ተያይዘዋል፤ የቱ ይበልጥ ይደምቃል? ካርዶቹ ሲነሱ ከግማሽ በላይ የሆነው ተማሪ ለባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የቀረበውን መርጧል። አንዷን ለምን አልኳት።

«መጀመሪያ እሱ ጋ ነዋ የሚደርሰው፣ ቲቸር! ለሁለተኛው የተረፈው ነው የሚሄደው።»

ይህ የሰነፍ መልስ አይደለም። በዓለም ላይ የፊዚክስ መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ግምት ነው፦ ከረንት መንገድ ላይ ይበላል የሚል። እጅ በማውጣት ብቻ ብጠይቅ ኖሮ ግን የማውቃቸው ጎበዞች መልሰው እናልፈው ነበር።

ከዚያ የፌትን የሰርኪዩት መሥሪያ ከፈትኩ። ባትሪው 9 ቮልት ነው፣ እያንዳንዱ አምፖል 10 ኦም። ከረንት የሚለካውን አሚተር ከመጀመሪያው አምፖል በፊት አስገባሁት፤ 0.45 አምፒር። በሁለቱ መካከል፤ 0.45። ከሁለተኛው በኋላ፤ ያው 0.45። ኤሌክትሮኖቹን የሚወክሉት ሰማያዊ ነጥቦች በሁሉም ቦታ በእኩል ፍጥነት ይጓዛሉ። እዚህ ላይ አስቆምኩትና ሦስተኛ አምፖል ብጨምር አሚተሩ ስንት እንደሚያነብ በየደብተራቸው እንዲጽፉ አደረግኩ። 0.30 ሲወጣ ከኋላ ያጨበጨበ ነበር። ወዲያው አንድ ልጅ ተነስቶ፣ «ከረንቱ ካልተበላ ታዲያ ባትሪው ለምን ያልቃል?» አለ። የቀረው ደቂቃ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሄደ፤ ከባትሪው የሚወጣው ኢነርጂና በሽቦው የሚዞረው ቻርጅ ለየብቻ መታየት ያለባቸው መሆኑን ሌላ ቀን እንዲህ በጥሞና ተሰምቼ አስተምሬ አላውቅም።

እውነተኛ ባትሪና አምፖል ካላችሁ ግን ሲሙሌሽኑ አያስቀረው። ከሱቅ የተገዙ ሁለት የባትሪ አምፖሎች አንድ ዓይነት ናቸው ቢባልም አንዱ ትንሽ ይደምቃል፤ ሲሙሌሽን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥምም። እኔ በሲሙሌሽኑ ጀምሬ በማግስቱ ዕቃውን አመጣለሁ። በተቃራኒው ሳደርግ የአምፖሎቹ ልዩነት የተሳሳተውን ግምት የሚያረጋግጥላቸው ይመስላቸዋል።

ሌላው የምወደው ፋይፎክስ ነው፤ በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ የሠራው የስልክ አፕ። ስልክ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች የላብ ዕቃ ያደርጋቸዋል፤ አንዴ ከተጫነ ለመለካት ኔት አይፈልግም። የግራቪቲን አክስለሬሽን የምንለካው በድምፅ በሚሠራው ሰዓቱ ነው። ማስመሪያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ጫፉ ላይ ብሎን ይደረጋል። ማስመሪያውን ከጎኑ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው፤ ማስመሪያው ይሸሻል፣ ብሎኑ ይወድቃል። የምቱ ድምፅ ሰዓቱን ያስጀምራል፣ ብሎኑ ወለሉን ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ያቆመዋል። ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 0.41 ሰከንድ አገኘን፤ ከፍታውን በሁለት አባዝቶ ለጊዜው ስኩዌር ማካፈል ነው፤ 9.5 ገደማ ይመጣል። መጽሐፉ ላይ ያለው 9.8 ነው። ለአንድ ማስመሪያና ለአንድ ብሎን መጥፎ አይደለም፤ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ውይይት ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ማንኛውንም ድምፅ መስማቱ ነው። ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ አንዱ ሲያስል ይጀምራል ወይም ይቆማል። የድምፅ መጠን ገደቡን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ከዚያ ይበልጥ የረዳኝ ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ተማሪ እስትንፋሱን ይዞ ብሎን ሲጠብቅ ያየሁት በዚህ ትምህርት ብቻ ነው።

ቴሌግራም ለሁላችሁም አዲስ ስላልሆነ አላበዛም። የኩዊዝ ዓይነት ፖል ስታወጡ ማብራሪያ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ አትተዉት፤ የተሳሳተው ልጅ ወዲያው የሚያነበው እሱን ነው። ነገር ግን ስልክ የሌለው፣ ወይም ማታ የታላቅ ወንድሙን ስልክ የሚለምን ተማሪ አለ፤ ስለዚህ በቴሌግራም የማወጣው ጥያቄ ማርክ የለውም፤ ጥያቄዎቹንም በማግስቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋቸዋለሁ። የግራፍና የጂኦሜትሪ መሥሪያውን ጂኦጀብራን የሒሳብ መምህራን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ያለ ኔት ይሠራል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኔት ለማንበብ ነው። ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፒዲያ አይሲቲ ላብ ኮምፒውተሮች ላይ ጭነነዋል፤ ከመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይልቅ እሱ የሚገባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

ስለ «ነፃ» ደግሞ። ነፃ ብለው አስገብተው ከጥቂት ሳምንት በኋላ የባንክ ካርድ የሚጠይቁ አሉ፤ ያዘጋጃችሁት ጥያቄ ሁሉ እዚያው ይታሰራል። ጥያቄዎቼን መጀመሪያ በራሴ ዶክመንት ላይ ጽፌ ነው ወደየትም የምገለብጠው። ፕሊከርስም በነፃ የሚሰጠው የጥያቄ ብዛት ውሱን ነው፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ግን አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ጥያቄ ይበቃል። የተማሪ ሙሉ ስም የትም አላስገባም፤ የካርድ ቁጥር በቂ ነው።

ዋናው ወጪ ዳታው ነው፤ እሱንም በሌሊት ጥቅል እወጣዋለሁ። ሴሚስተሩ ሳይጀምር የዓመቱን ዕቅድ አጠገቤ አድርጌ የሚያስፈልጉኝን ሲሙሌሽኖች አወርዳለሁ፤ ፎልደሮቹን በክፍልና በምዕራፍ እሰይማቸዋለሁ፤ «9ኛ፣ ምዕራፍ 3» እያልኩ። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ስልኬ ላይ። ፍላሹን ለባልደረባ ሳውስ አይሲቲ ላብ ዞሮ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፤ ስለዚህ አሁን የምሰጠው ፎልደሩን በቴሌግራም ነው፤ ዚፕ አድርጎ መላክ ይበቃል።