«ባተሪ ሎው» ያለው ጅብ

ኅዳር ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ግልገል ጠፋብን። ቤታችን ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ድርቆሹ ታጭዶ የሚከመርበት ሜዳ ዳር። ዘበኛችን ጋሼ «ቀበሮ ነው» አሉ። ባለቤቴ «ጅብ ነው» አለች። ስፒከሩን ያዋሰኝ ወንድሟ ደግሞ «የጋሼ እንቅልፍ ነው» ብሎ ሁለቱንም አስቀየመ።

ሌባውን መለየት ለጨዋታ አይደለም፤ አጥር የሚሠራው በሌባው ልክ ነው። ቀበሮ ከሽቦው ሥር ምሶ ስለሚገባ ሽቦው አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ መቀበር አለበት። ለጅብ ግን ሽቦ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ አንገቱና ትከሻው ጉልበት ነው፣ የላላውን እንጨት ገፍቶ ያልፋል። ሬሳ ቢገኝ ነገሩ ቀላል ነበር። ቀበሮ ጉሮሮ ይነክሳል፣ ሆድ ዕቃውን ይበላል፣ ቆዳውንና ትልልቁን አጥንት ትቶ ይሄዳል። ጅብ አጥንቱንም ሰባብሮ ስለሚውጥ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ዱካውም ላይ የፊት እግሩ ከኋላው ይተልቃል። እኛ ጋ ግን ግልገሉ እንዳለ ስለሚወሰድ ሬሳ የለም፣ መሬቱም ደርቆ ዱካ አይዝም። ስለዚህ ሌባውን ራሱን ጠርቼ ላየው ወሰንኩ።

መግደል አላሰብኩም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞስ የሞተ አህያ ያለ ደመወዝ የሚያነሣልን ማን አለ?

አጠራሩ እንዲህ ነው። ግልገሉን ከእናቱ ለይቼ ሲጮኽ በስልኬ ቀረጽኩት። 40 ሰከንድ ጩኸት፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ዝምታ፣ ከዚያ መድገም። ያለማቋረጥ የሚጮኽ ግልገል የለም፤ ዝምታው ነው አውሬውን «ምን ሆነ?» የሚያሰኘው። መጀመሪያ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ምክንያቱም አውሬው ቅርብ ከሆነ የሚያንባርቅ ስፒከር ያባርረዋል። አንዴ ከተታለለና ከበረገገ ደግሞ ያንን ድምፅ ዳግመኛ አያምንም። ብሉቱዙ ከዐሥር ሜትር ብዙም ስለማይዘልቅ ድምፁን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኜ ስፒከሩ ላይ ሰካሁት፤ እኔ 40 እርምጃ ርቄ ተቀመጥኩ። አውሬው ዓይኑን የሚተክለው ድምፁ ላይ ነው፣ እዚያ መገኘት የለብህም። የእጅ ባትሪዬን ሁለት እጥፍ ቀይ ፌስታል አልብሼ በላስቲክ አሰርኩት፤ ቀይ ብርሃን እንደ ነጩ አይረብሻቸውም። ዓይን ሲያበራ አይቶ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፣ የበግም ዓይን ያበራል።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሰው እንኳን «ተሳስተሃል» አይለኝም። ያጠፋሁት በነፋሱና በቆዳው ነው።

ሥጋ በል አውሬ ወደ ድምፅ ቀጥ ብሎ አይመጣም። ዞሮ ነፋሱ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል ገብቶ አሽትቶ ያረጋግጣል። እኔም ይህን አውቄ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ቁንጥር አመድ በተንኩ። አመዱ ወደ ተራራው ሄደ። «በተራራው በኩል ይመጣል» ብዬ የድርቆሹን ክምር ተደግፌ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዞርኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ግን አየሩ ቀዝቅዞ ከተራራው ወደ ሜዳው መውረድ ጀምሯል። ጆሮዬን ሲቆርጠኝ ብርዱ ነው አልኩ እንጂ ነፋሱ ዞሯል አላልኩም። አመዱ ማታ መበተን ነበረበት፣ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቆዳው የባሰ ነው። የሰው ስፒከር ነውና ጤዛ እንዳይነካው ብዬ በበግ አጎዛ ጠቀለልኩት። በገመድ አላሰርኩትም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ከኋላዬ የሚተነፍስ ሰው ሰማሁ። ጋሼ በበረቱ በር በኩል መጠበቅ ሲገባቸው ሰልችቷቸው የመጡ መሰለኝ። ዞር ሳልል በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አልኩ። ትንፋሹ ቀጠለ። «ደግሞ ምን በልተው ነው?» ልል ስል ሽታው ደረሰኝ።

የሰው ሽታ ያባርረዋል ብዬ ነበር። የአዲስ አበባ ዙሪያ ጅብ ግን ቆሻሻ ገንዳ ሲዞር ያደገ ነው፣ ሰው ብርቁ አይደለም። ባጠገቤ አልፎ፣ ያ ወደ ኋላው ዝቅ ያለ ጀርባው በቀዩ ብርሃን ውስጥ ታየኝ፣ ስፒከሩ ጋ ደረሰ፣ አንዴ አሸተተ። በግ ይሸታል፣ እንደ በግ ይጮኻል፣ አይራገጥም። አፈፍ አድርጎት ሄደ።

ስፒከሩ አልጠፋም። «ማዕ! ማዕ!» እያለ በሜዳው ላይ ራቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው የኛም ውሻ ያኔ ነቃ። ቀጥሎ መንደሩ ሁሉ ዱላና ባትሪ ይዞ ወጣ። ሰው ሁሉ የገዛ በጉን እየቆጠረ ይሮጣል። እማማ ጎረቤታችን «የኔ ግልገል ነው! ድምፁን አውቀዋለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ። የኔ ነው፣ የተቀዳ ነው ብል ማን ይሰማኛል።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ግልገሉ ዝም አለ። ሁላችንም ቆምን። ከቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት ሴት ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «ባተሪ ሎው» አለች። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይህን ማንም ያውቃል፤ እዚያ የነበሩት ግን አማተቡ፣ ሁለት ጎረምሶችም ዱላቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሮጡ።

ስፒከሩን ሲነጋ አገኘነው። አጎዛው የለም። ፕላስቲኩ ላይ አራት ጉድጓድ አለ፣ ትንሿ ጣቴ ትገባለች። ቻርጅ ሲደረግ ይሠራል፣ ብቻ ቤዙ ላይ ያፏጫል። የባለቤቴ ወንድም እስካሁን ቡና አልጠጣም ብሎኛል።

ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ጅብ ነው አላልኩም?» አለች።

ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፉ። «እሱ የስፒከሩ ሌባ ነው። የግልገሉ ቀበሮ ነው።»