ጨው ያልነበረው ጠርሙስ

በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ጊዜ፣ ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት ለነበረች እናት ሁለት ከረጢት ደም እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የለጋሹን ቀይ የደም ሕዋሳት ይስማሙ እንደሆነ ለማየት ከእናቲቱ ሴረም (ሕዋሳቱ ከተለዩለት የደም ፈሳሽ) ጋር ከማገናኘቴ በፊት እንደ ወትሮው በኖርማል ሳላይን፣ ማለትም በተመጠነ የጨው ውሃ፣ ማጠብ ጀመርኩ፤ ነገር ግን ቱቦውን በፍጥነት አሽከርክሮ ሕዋሳቱን ከሚያዘቅጠው ማሽን፣ ከሴንትሪፊውጁ፣ ሳወጣው ከታች መተኛት የነበረበት ቀይ ዝቃጭ የለም፤ ጥርት ማለት የነበረበት ፈሳሽም ከላይ እስከ ታች እንደ ከርከዴ ሻይ ቀልቶ ብርሃን ያሳልፋል።

ደሙ በአያያዝ የተበላሸ መስሎኝ የሁለተኛውን ከረጢት ናሙና ሞከርኩ፤ ያው ሆነ። አዋላጇ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ ደሙ ምነው ዘገየ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። የእናቲቱን የራሷን ሕዋሳት ባጥብ እነሱም ፈረሱ። ያኔ ነው ዓይኔ ሦስቱንም ናሙናዎች ወደነካው የማጠቢያ ጠርሙስ የዞረው፤ ከመጀመሪያው ቱቦ በኋላ አለመጠርጠሬ ዛሬም ይቆጨኛል። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ አድርጌ በነበልባል ሳደርቀው መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ሳላይን ቢሆን ኖሮ ነጭ የጨው ዱካ ይተው ነበር። «ሳላይን» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ጠርሙስ ውስጥ የተሞላው ዲስቲልድ፣ ማለትም ጨው የሌለው የተጣራ፣ ውሃ ነበር።

ኖርማል ሳላይን በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ስለሚይዝና ይህም በሕዋሱ ውስጥ ካለው የሟሙ ነገሮች ክምችት ጋር ስለሚመጣጠን፣ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ እኩል ይሆናል። ጨው በሌለበት ግን ውሃው፣ ሕዋሱ አንዳች ጉልበት ሳያወጣ፣ በአብዛኛው አኳፖሪን በሚባሉት የሽፋኑ የፕሮቲን ቀዳዳዎች በኩል የሟሙ ነገሮች ወደበዙበት ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ መሃሉ ሰርጎድ ያለው ሕዋስ እንደ ኳስ ይነፋል፤ እምብዛም መለጠጥ የማይችለው ሽፋን ሲቀደድም ለደም ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ይፈስሳል። ፒተር አግሬን በ2003 እ.ኤ.አ. ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያበቃው አኳፖሪን የተገኘው ከዚሁ ከቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን መሆኑን ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ በቱቦ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት ግን በዚያ ሌሊት ነው።

አዲስ ሳላይን ከፍቼ ሥራውን ከመጀመሪያው ደገምኩ። ዝቃጩ ከታች ተኛ፣ ፈሳሹ ጠራ፣ ሁለቱም ከረጢቶች ከእናቲቱ ደም ጋር ተስማሙ። አዋላጇ ደሙን ተቀብላኝ ስትሮጥ ጠርሙሱን ደፋሁና ጽሑፉን ላጥኩት።